ባዶ ጋን አይናቅም

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይላሉ አበው። ይህ ምሳሌ ሲነገር በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው በእመቤቲቱ ጓዳ ጥግ የቆመው የጠላ ጋን ነው። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ጋን ግን ከዚያ የተለየ ነው። ይኸውም ከመሪውና ከኮርቻው መካከል ተደላድሎ የሚቀመጠው የሞተር ሳይክል የነዳጅ ጋን ነው። ውስጡ ዝጎ «አበቃለት» የተባለ አንድ የነዳጅ ጋን በጥቂት ዳዶ፣ በወጥ ቤት አቼቶና በአንዲት ወይዘሮ ጥንቃቄ እንዴት እንደዳነ ለአንባቢያን ልናወጋ ወደናል።

ወሬውን የሰማነው በቦሪ ነው። ቦሪ በኬንያ ሞያሌ ወገን ካሉት መንደሮች አንዷ ናት። ሞያሌን የሚያውቅ ወታደር ሁሉ እንደሚረዳው፣ ድንበሩ ከተማዪቱን ለሁለት ይክፈላት እንጂ ቤተሰብን አልከፈለም። እኅት በወዲህኛው ሞያሌ፣ ወንድም በወዲያኛው ጎጆ ቀልሰው፣ ደስታና ኀዘን ሲመጣ በአንድ ደጅ ይገናኛሉ። በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በአንድነት የመረቁት የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያም ይህንኑ የሰውና የዕቃ ምልልስ በአንድ ስፍራ ለማስተናገድ የተሠራ ነው።

እኛም በጥገና ክፍል ከሚያገለግሉ አንድ ሃምሳ አለቃና ከባለቤታቸው ጋር፣ በዕረፍት ቀን፣ ፈቃድ ይዘንና የሲቪል ልብስ ለብሰን ወደ አማቾቻቸው ቤት ተሻግረን ነበር። ቤተሰቡ ስሙ በጋዜጣ እንዳይወጣ ስለ ለመነን ሁሉንም በማዕረጋቸውና በዝምድናቸው ብቻ እንጠራቸዋለን። የወይዘሮዋ እናት በወተት የፈላ ሻይ አቀረቡልን። በደጁ ላይ አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ቆማ ነበር፤ ወጋችንም ከእርሷ ተጀመረ።

ሞተሯ የወይዘሮዋ ታላቅ ወንድም መተዳደሪያ ናት። መንገደኛ ከቦሪ ወደ ሞያሌ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ቦሪ ያመላልሱባታል። ይህን ሥራ በኬንያ «ቦዳ ቦዳ» ይሉታል። ስሙም እንደ እኛ የድንበር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኬንያና በኡጋንዳ ወሰን፣ በቡስያ በኩል፣ ሰውን በብስክሌት ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ወጣቶች «ከድንበር ድንበር!» እያሉ በእንግሊዝኛ መንገደኛ ይጠሩ ስለ ነበር ከዚያ እንደ ወጣ ይነገራል። የቤቱ ሞተር ግን ከገቢ ምንጭነት ሌላ ጉዳይም ነበራት። እናቲቱ የስኳር በሽተኛ በመሆናቸው በየወሩ ወደ ሐኪም የሚደርሱት በልጃቸው ጀርባ ተቀምጠው በእርሷ ነው።

ባለፈው በጋ ታላቅ ወንድምየው ከብቶቹን ተከትለው ወደ ሩቅ ግጦሽ ሄዱ። ሞተሯ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አራት ወር ቆመች። በጋኗ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ከሁለት ሊትር አይበልጥም ነበር። ቦረናዎች «ጋና» የሚሉት ዋናው ዝናብ ገብቶ ባለቤቷ ሲመለሱ ቢረግጧት ትነሣለች፤ መቶ ሜትር ሳትሄድ ግን ትጠፋለች። ካንዴላ ተለወጠላት፤ ካርቡሬተሯ ሦስት ጊዜ ተፈትቶ ታጠበ፤ በማግስቱ ያው ነው። በመጨረሻ የጋኑ ክዳን ተከፍቶ ውስጡ ሲታይ ግድግዳው በሙሉ በርበሬ የተነሰነሰበት መስሎ ተገኘ።

አንድ ነጋዴ ሞተሯን በቁራጭ ብረት ዋጋ ሊገዛ መጣ። እናቲቱም ስለ ራሳቸው ምንም ሳይናገሩ «ልጄ፣ ካልሆነ ሽጣት፤ እኔ በእግሬም እሄዳለሁ» አሉ። ልጅየው ግን መንገዱን ያውቁታልና አልሸጡም። ጋኑን ፈትተው፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው፣ መካኒክ ወደ ሆኑት የእኅታቸው ባል ቤት ይዘው ተሻገሩ።

«ባዶ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ»

ሃምሳ አለቃው በዚያ ቀን ለግዳጅ ወጥተው ነበር። ወይዘሮዋ ቡና አቅርበው፣ ጀበናው በከሰል ምድጃ ላይ ተጥዶ፣ ሁለቱ ልጆች በአጠገባቸው ይጫወታሉ። ታላቅ ወንድማቸው ጋኑን ከምድጃው ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ አስቀመጡና ፍም መቆስቆሻ ጠየቁ።

አሳባቸው ከቤት የተወረሰ ነበር። የቦረና እናቶች የወተት ዕቃቸውን በፍም ጭራሮ ያጥናሉ። ጭሱ ዕቃውን ያነጻል፤ ወተቱንም መዓዛ ይሰጠዋል። በሌላውም አገራችን የጠላ ጋን በወይራ መታጠኑን የማያውቅ የለም። እንግዲህ የእናቱን እጅ እያየ ያደገ ሰው፣ እርጥበት ያዛገውን ጋን በፍም አድርቆ ዝገቱን ለማራገፍ ቢያስብ የሚገርም አይደለም። አደጋው ግን ያለው እዚህ ላይ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ በእናታችን ሞት፣ ያንን ጋን ከዚህ አውጣልኝ!» አሉ ወይዘሮዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው።

«ባዶ እኮ ነው፤ ቤንዚኑን ትናንት ገልብጬዋለሁ።»

«ባዶ መሆኑ ነው የሚያስፈራኝ።»

ታናሽ ታላቁን በእንግዳ ፊት መገሠጽ በእነርሱ ዘንድ የተለመደ አይደለም፤ በዚያ ቀንም አንዲት ጎረቤት ለቡና ተጠርታ ነበር። ወንድምየው ፊታቸው ጠቆረ። ሆኖም ወይዘሮዋ ራሳቸው ጋኑን አንሥተው ከአጥሩ ውጭ፣ ነፋስ ወደሚመታው ሜዳ ወሰዱት። ከዚያ ተመልሰው ልጆቹን ወደ ጎረቤት ላኩ። ቡናውንም ከሦስተኛው በፊት አቋርጠው ከሰሉን በአመድ ዳፈኑ። «ቡናው ተቋርጦ እንግዳ ማስቀየም ነውር መሆኑን አጥቼው አይደለም» ሲሉ አጫወቱን። «ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚለው ቃል ትዝ ብሎኝ ነው። ‹ሙሉውን ጋን ፍሪው፤ ባዶውን ግን ይበልጥ ፍሪው› ይለኛል።»

ይህ ቃል ለብዙ ሰው እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱን ግን ማስረዳት አያዳግትም። የሚነደው ፈሳሹ ቤንዚን ሳይሆን ከእርሱ የሚነሣው ትነት ነው፤ ያም ቢሆን ከአየር ጋር በልክ ሲቀላቀል ብቻ ነው። ትነቱ ከቅይጡ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ያህሉን ሲይዝ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። በሞላ ጋን ውስጥ ትነቱ ከልክ በላይ ይበዛል፤ አየሩም ያንሳል። በተገለበጠ ጋን ውስጥ ግን በስፌቱና በዝገቱ ቀዳዳ የተደበቀው ጠብታ ቀስ በቀስ ይተናል፤ ጋኑም በአየር የተሞላ በመሆኑ ቅይጡ ለመፈንዳት ወደሚመቸው ልክ ይደርሳል። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣልና በሞያሌ ቀትር እንዴት እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው። በዚህ ላይ ትነቱ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ምድጃ ድረስ ይሄዳል። እሳቱም በዚያው መንገድ ወደ ጋኑ ይመለሳል።

ከፍሙ ምክር ሌላ አንድ በያጅ የሰጣቸው ምክርም ነበር። የጋኑን ሆድ ቀድዶ፣ ዝገቱን ፍቆ፣ መልሶ መበየድ ነው። ሃምሳ አለቃው ሲመለሱ ይህንንም ከለከሉ። ቤንዚን የያዘ ጋን «ታጥቧል» ስለ ተባለ ብቻ የብየዳ እሳት አይነካውም። ብየዳ ግድ ከሆነ ሥራው ትነቱን በሚገባ የሚያስወጣበትና የሚመረምርበት መሣሪያ ላለው ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው።

ዝገቱ ከየት መጣ?

አንባቢያን «ቤንዚን ዘይታም ነገር ሆኖ ሳለ ብረቱ ለምን ዛገ?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ለመዛግ ብረት፣ ውሃና ኦክሲጅን ያስፈልጋሉ። ሦስቱም በጎደለ ጋን ውስጥ ይገናኛሉ። ጋኑ በክዳኑ ቀዳዳ ይተነፍሳል። በቀን ሲሞቅ አየሩ ተለጥጦ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ እርጥበቱም በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። ጤዛው ተጠራቅሞ ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ የጋኑ ጣራ በጤዛ፣ ወለሉም በተኛው ውሃ ከሁለት ወገን ይበላል።

ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ኢታኖል ውሃ ወዳድ ነውና። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ያህል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ተጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለው ነዳጅ ለዕለት ጉዞ ደኅና ነው፤ ለወራት በቆመ ጋን ውስጥ ግን እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል።

እንግዲህ እሳቱንም ዝገቱንም የጠራው አንድ ነገር መሆኑን እናስተውል፤ እርሱም በጋኑ ውስጥ የተተወው ባዶ ስፍራ ነው። ጋኑ በጋው ሲገባ ሞልቶ ቢቆም ኖሮ አየርና ጤዛ የሚገቡበት ቦታ ባልተገኘ ነበር።

ሠራዊት ከጀሪካን የተማረው

ነዳጅን የሚይዝ ዕቃ ውስጡ እንደ ውጩ መጠበቅ እንዳለበት ሠራዊቶች የተማሩት በኪሣራ ነው። በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በእንግሊዝ ይዞታ የነበረውን የሞያሌ ምሽግ ከብቦ በያዘበት፣ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ መልሶ በለቀቀበት በዚያ ጦርነት፣ በሰሜን አፍሪካ በረሃ የሚዋጋው የእንግሊዝ ጦር ቤንዚኑን 18 ሊትር ያህል በሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ያጓጉዝ ነበር። ወታደሮቹ ራሳቸው «ፍሊምዚ»፣ ማለት «ስሱ» ብለው ሰየሙት። ስፌቱ በመንገድ መንገጫገጭ ይከፈትና ቤንዚኑ በአሸዋ ላይ ይፈስ ነበር፤ የጫነውም መኪና ለእሳት የተዘጋጀ ችቦ ይሆናል።

ጀርመኖች ግን እ.ኤ.አ. በ1937 የተነደፈ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነበራቸው። ሁለት ግማሽ ተጨፍልቀው በብየዳ ተገጥመዋል፤ አንድ ሰው ሁለት ባዶ ዕቃ በአንድ እጁ እንዲይዝ ሦስት እጀታ ተደርጎለታል፤ ውስጡም ዝገት እንዳያገኘው ተቀብቷል። እንግሊዞች ይህን ዕቃ ሲማርኩ የራሳቸውን ጥለው እርሱን ያዙ፤ በኋላም አስመስለው ሠሩት። ጀርመንን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሉት ስለ ነበር ዕቃውም «ጀሪካን» ተባለ። ዛሬ ወይዛዝርት ውሃ የሚቀዱበት ቢጫ ፕላስቲክ ስሙን የወረሰው ከዚያ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። በውሃ ጀሪካን ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቤንዚን ማስቀመጥ፣ ለጠማው ሕፃን መርዝ ማስቀመጥ ነው።

ሥራው በቅደም ተከተል

ሃምሳ አለቃው ከግዳጅ ተመልሰው ጋኑን ያዳኑበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ነግረውናል። ሞተር ያለው ቤተሰብ ቆርጦ ቢያስቀምጠው ይጠቅመዋል።

አንደኛው ሥራ ስፍራ መምረጥ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኝበት፣ ከምድጃ፣ ከሲጋራና ከኤሌክትሪክ ርቆ ይሠራል። ስልክም በኪስ አይያዝም። ልጆች በአጠገብ አይኖሩም። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል። የቀረው ቤንዚን ክዳን ባለው የብረት ጀሪካን ይገለበጣል። በመሬት ላይ አይደፋም፤ በተለይ በኤላ አቅራቢያ ፈጽሞ አይደፋም። ዘጠኙ የቱላ ኤላዎች ለቦረና ሕዝብና ከብት ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ሰው፣ ጥቂት ቤንዚን ብዙ ውሃ እንደሚያበላሽ ሊነገረው አይገባም።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። የነዳጁ መክፈቻና መዝጊያ፣ ክዳኑና መለኪያው ይፈታሉ። ውስጡ በእጅ ባትሪ ብርሃን ይታያል፤ በክብሪት ወይም በሻማ ለማየት የሞከረ ሰው ሁለተኛ ላያይ ይችላል። ዝገቱ እንደ ዱቄት ከሆነ ጋኑ ይድናል። እንደ ቅርፊት እየተላጠ ከወጣ፣ ከሥሩም በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም የሚያረጥብ ስፍራ ካለ፣ ብረቱ ተበልቷልና ሌላ ጋን መፈለግ ይሻላል።

ሦስተኛው እጥበት ነው። ጋኑ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ደጋግሞ ይታጠባል። የቤንዚኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ውሃው ይለወጣል። ሽታው ጠፋ ማለት ግን እሳት ይቅረብ ማለት አይደለም።

አራተኛው የጠጠሩ ሥራ ነው። ቅል የምታጥብ ሴት ጠጠርና ውሃ ጨምራ እንደምትንጠው ሁሉ፣ በጋኑም ውስጥ ንጹሕ ዳዶዎች ከሳሙና ውሃ ጋር ይጨመራሉ፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ጋኑ ቀለሙ እንዳይላጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በየጎኑ ይናጣል። ከጠጠር ዳዶ ይሻላል፤ ጠጠር ይፈረፈራልና። ዋናው ሕግ ደግሞ የገባው ሁሉ ተቆጥሮ እንዲገባ፣ ተቆጥሮም እንዲወጣ ነው። ቆጠራው ለወይዘሮዋ ተሰጠ። ሠላሳ ዳዶ ገባ፤ ሃያ ዘጠኝ ወጣ። ወንድምየው «አንዲት ዳዶ ምን ታደርጋለች?» ቢሉም ወይዘሮዋ «ሠላሳ ነው የቆጠርኩት» ብለው አልተንቀሳቀሱም። ግማሽ ሰዓት ያህል ጋኑን ሲገለብጡ ቆይተው፣ ሠላሳኛዋ ከስፌቱ ጥግ ተሰንቅራ ተገኘች። በመንገድ ላይ ብትላቀቅ ኖሮ የነዳጁን መውጫ ትዘጋው ነበር።

አምስተኛው አቼቶ ነው። 5 በመቶ ያህል አሲድ ያለው የወጥ ቤት አቼቶ ዝገትን ያሟሟል። ጋኑ እስከ አፉ ይሞላል፤ ግማሹ ብቻ ከተሞላ የጣራው ዝገት እንዳለ ይቀራልና። ሃያ አራት ሰዓት ይቆያል፤ በመካከሉ እየታየ፣ ካልጠራ አንድ ቀን ይጨመርለታል። ረስቶ መተው ግን ጤነኛውን ብረት ያስበላል። አቼቶ ውድ ከሆነ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት አሟሙቶ መጠቀም ይቻላል። አሲድ ብረትን ሲነካ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚወጣ ክዳኑ አይጠብቅ፤ እሳትም አይቅረብ። ቀለሙን እንዳይነካው በአፉ ዙሪያ ፕላስቲክ ይጠመጠማል።

እዚህ ላይ ለወይዛዝርት የምናሳስበው አለን። አቼቶና በረኪና በአንድ ዕቃ አይገናኙ፤ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ሳንባን ያቃጥላል። «አቼቶ ከሠራ የመኪና ባትሪ አሲድ ይበልጥ ይሠራል» የሚል ምክርም አይሰማ። እርሱ ከዝገቱ ጋር ብረቱንም፣ ከብረቱም ጋር የሠሪውን ዓይን ይወስዳል።

ስድስተኛው ማርከስ ነው። አቼቶው ከተገለበጠ በኋላ ጥቂት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ የሟሟበት ውሃ ገብቶ የቀረውን አሲድ ያረክሳል። አረፋና ጋዝ ስለሚወጣ በዚህም ጊዜ ክዳኑ ክፍት ይሁን። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል።

ሰባተኛው ከሁሉ ይልቅ ፍጥነት የሚሻው ነው። ከአሲድ የወጣ ራቁት ብረት እርጥብ ሆኖ ከቆየ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ቡናማ መሆን ይጀምራል። ስለዚህ ጋኑ ወዲያው በፀሐይ ይዘቀዘቃል፤ በብስክሌት መንፊያ አየር ይነፋበታል። እንደ ደረቀ ግማሽ ብርጭቆ የሞተር ዘይት ተጨምሮ ዘይቱ ሁሉንም ግድግዳ እስኪዳስስ ድረስ ጋኑ ይገላበጣል። የተረፈው ዘይት ይገለበጥና ጋኑ በሞተሩ ላይ ተመልሶ በንጹሕ ቤንዚን ይሞላል። በነዳጁ መስመር ላይ አዲስ ፊልትሮ ይገባል፤ ካርቡሬተሩም ለመጨረሻ ጊዜ ይታጠባል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ፊልትሮውን እያዩ መለወጥ ያስፈልጋል፤ የተደበቀ ዝገት ዘግይቶም ይወርዳልና።

ቆሞ የሚቆይ ሞተር

ለግዳጅ የሚወጣ ባለ ሞተር ሁሉ ከመሄዱ በፊት ከባለቤቱ ጋር ሊነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ አለ። ሞተሩ ለጥቂት ወራት የሚቆም ከሆነ ጋኑ ለሙቀት መለጠጫ ጥቂት ጣት ብቻ ቀርቶት ይሙላ፤ የነዳጁ መዝጊያ ይዘጋ፤ በካርቡሬተሩ የቀረው ይውጣ። ሞተሩም ሰው ከሚተኛበት ክፍልና ከወጥ ቤት ርቆ፣ በጥላ ሥር ይቁም። ቤንዚን በወራት ውስጥ እየተበላሸ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ያወጣልና ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ጋኑ ፈጽሞ ተገልብጦ፣ ደርቆ፣ በዘይት ታሽቶ ይቀመጥ። የሚጎዳው በመካከሉ ያለው ነው፤ ይኸውም ሩብ ያህል ቤንዚን ይዞ፣ ሦስት እጁ ባዶ ሆኖ የተረሳው ጋን ነው።

ወደ ቦሪ እንመለስ። በአራተኛው ቀን ጋኑ በቦታው ገባ። ታላቅ ወንድምየው መርገጫውን አንድ ጊዜ ረገጡ፤ አልተነሣችም። ሁለተኛ ረገጡ፤ አጓርታ ተነሣች። መቶ ሜትር አለፈች። እስከ ገበያው ደርሳ ተመለሰች። ያን ጊዜ ወደ እኅታቸው ዘወር ብለው «ቡናሽን ያቋረጥኩት እኔ ነኝ፤ ዕዳ አለብኝ» አሏቸው። በማግስቱም አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ላኩ። በእነዚህ ሁለት ቃላት ጠቁሮ የነበረው ፊት መብራቱን ወይዘሮዋ እየሣቁ ነገሩን።

እኛ በሄድንበት ቀን እናቲቱ ሻዩን ቀድተውልን ሲያበቁ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። የሐኪም ቀጠሯቸው ነበር። ልጃቸው ሞተሯን ከማስነሣታቸው በፊት ክዳኑን ከፍተው ወደ ጋኑ ውስጥ ተመለከቱ፤ ለእኛም አሳዩን። ቤንዚኑ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ከሥሩ ያለው ብረት አመድማ ሆኖ ይታይ ነበር። ክዳኑን ዘጉት። እናቲቱ ከኋላ ተቀምጠው የልጃቸውን ወገብ ያዙ፤ ሁለቱም ወደ ሞያሌ አቅጣጫ ሄዱ።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ፣ በየቤታችሁ ደጅ የቆመውን ሞተር ክዳን ዛሬውኑ ከፍታችሁ እንድትመለከቱ አደራ እንላለን፤ በእጅ ባትሪ፣ ከምድጃም ርቃችሁ።